የኤሌክትሪክ መኪና የውስጥ አየር ማጣሪያ አቀያየርና መጥፎ ሽታን ከምንጩ የማጥፋት ዝርዝር መመሪያ፦ ለጎጃም አሽከርካሪዎች

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ የኤሌክትሪክ መኪና ከአዲስ አበባ ተሻግሮ በደብረ ማርቆስ፣ በቡሬ፣ በእንጅባራና በባሕር ዳር ጎዳናዎችም መታየት ጀምሯል። ባለቤቶቹ ስለ ባትሪና ስለ ቻርጅ አብዝተው ይጠያየቃሉ፤ ልጆቻቸውና አረጋውያን ወላጆቻቸው በመኪናው ውስጥ ስለሚተነፍሱት አየር የሚጠይቀው ግን ጥቂት ነው። ነገሩ ትዝ የሚለው አንድ ቀን ኤሲው ሲከፈት የሻገተ ጨርቅ የሚመስል ሽታ ፊት ላይ ሲነፍስ ነው። ያን ጊዜም አብዛኛው ሰው ወይ ሽቶ ይሰቅላል፣ ወይ ማጣሪያውን ብቻ ቀይሮ ሽታው ብዙም ሳይቆይ ሲመለስ ይገረማል።

ይህ መመሪያ የሚከተለው ቅደም ተከተል፦ የሽታውን ምንጭ መለየት፣ አሮጌውን ማጣሪያ ማውጣት፣ ውስጡን ማጽዳትና ማድረቅ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ አዲሱን መግጠም የሚል ነው። ይህን ቅደም ተከተል አጥብቄ የምይዘው፣ እርጥብና የሻገተ ሳጥን ውስጥ የገባ አዲስ ማጣሪያ ሽታውን ጠጥቶ ራሱ ሌላ የሽታ ምንጭ ስለሚሆን ነው።

ማጣሪያው የሚሠራው ሥራና ጎጃም ውስጥ ቶሎ የሚያልቅበት ምክንያት

በጋራዥ ፊልትሮ የሚባለው ይህ ዕቃ ወደ መኪናው የሚገባው አየር ተሳፋሪው ዘንድ ከመድረሱ በፊት የሚያልፍበት እጥፍጥፍ ንጣፍ ነው። ተራው ዓይነት አቧራንና የአበባ ብናኝን ብቻ ይይዛል። ሁለተኛው በውስጡ አክቲቭ ካርቦን ያለበት ሲሆን፣ የጭስንና የሌሎች ጋዞችን ሽታ በካርቦኑ ገጽ ላይ አጣብቆ ያስቀራል። ሦስተኛው በጣም ደቃቅ ብናኝን እንዲይዝ የተሠራው ነው፤ ሄፓ የሚባለውና በቢዋይዲ መኪኖች ላይ ሲኤን95 ተብሎ የሚጠቀሰው ከዚህ ወገን ናቸው። ስለ ካርቦኑ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ፦ ካርቦን በሽታ ሲሞላ በዓይን አይታይም፤ ስለዚህ ብዙም ያልቆሸሸ የሚመስል ማጣሪያ ሽታ የመያዝ አቅሙን ጨርሶ ሊሆን ይችላል።

አምራቾች በብዛት የሚመክሩት በዓመት አንድ ጊዜ ወይም ከ15,000 እስከ 20,000 ኪሎ ሜትር ባለው ርቀት ውስጥ እንዲቀየር ነው። ይህ ግን በአስፋልት ከተማ ለሚነዳ ሰው የተባለ ነው። በጎጃም ከኅዳር ጀምሮ እህል ሲወቃ የጤፍና የስንዴ እብቅ ከየአውድማው እየተነሣ መንገድ ላይ ይበተናል፤ በበጋው ከዋናው አስፋልት ወደየወረዳው የሚገነጠለው የጠጠር መንገድ አቧራውን ያቦናል፤ በአዊ፣ በተለይ በፋግታ ለኮማ አካባቢ፣ ከዲከረንስ ዛፍ ከሰል ስለሚከሰል ጭሱ በመንገዱ ላይ ያንዣብባል። ይህ ሁሉ በማጣሪያው እጥፋት ውስጥ ከተከማቸ በኋላ ሰኔ ላይ ዝናቡ ይጀምርና አየሩ እርጥበት ይዞ ይገባል። አቧራ፣ እብቅና እርጥበት አንድ ላይ ሲሆኑ ለሻጋታ ከዚህ የተመቸ ማሳ የለም። ስለዚህ እኔ የምመክረው ማጣሪያው በግንቦት መጨረሻ፣ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት እንዲቀየርና ከመስከረም በኋላ አንድ ጊዜ ወጥቶ እንዲታይ ነው። የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ የጊዜ ገደብ እንደ መጨረሻ ገደብ እንጂ እንደ ትክክለኛው ቀን ባይወስዱት ይሻላል።

ኤሌክትሪክ መኪና ላይ የሚጨመር ሌላም ምክንያት አለ። ቻርጅ ለመቆጠብ ሲባል ብዙ አሽከርካሪ የውስጡን አየር ብቻ የሚያዞረውን ምርጫ ሁልጊዜ ከፍቶ ይነዳል፤ ኤሲውንም መኪናውን ከሚያጠፋበት ቅጽበት ጋር አብሮ ያጠፋል። የመጀመሪያው የተሳፋሪውን ትንፋሽና የእርጥብ ልብስ እርጥበት ውስጥ ያስቀራል። ሁለተኛው ደግሞ ኢቫፖሬተሩን፣ ማለትም አየሩን የሚያቀዘቅዘውን የአሉሚኒየም ክፍል፣ ውኃ እንዳዘለ ጨለማ ሳጥን ውስጥ ያሳድረዋል። ሻጋታ ሽታ በአብዛኛው የሚነሣው ከዚህ ነው።

አስቀድመው ሽታውን ይለዩ

ካቻቢቴ ከማንሣትዎ በፊት መኪናውን ዘግተው አሳድረው ጠዋት ሲከፍቱት ምን እንደሚሸት፣ ከዚያም ኤሲውን ሲያስነሡ ሽታው እንዴት እንደሚለወጥ ያስተውሉ። ኤሲው እንደተከፈተ ጎልቶ መጥቶ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የሚቀንስ የኮመጠጠ ወይም የሻገተ ሽታ ከኢቫፖሬተሩና ከማጣሪያው ነው። ኤሲው ተዘግቶም የማይለቅና ወደ ወለሉ ሲጎነበሱ የሚብስ ከሆነ ምንጣፉ ሥር ውኃ አለ ማለት ነው፤ ምንጣፉን ገልጠው ከሥሩ ያለውን ስፖንጅ በእጅዎ ይጫኑት። ማራገቢያው ፍጥነቱ ሲጨምር የሚጠነክር የበሰበሰ ሽታ ሲሆን አይጥ በማጣሪያው አካባቢ ጎጆ ሠርታ ወይም ሞታ ሊሆን ይችላል፤ ይህ በተለይ እህል በሚከማችበት ግቢ ለሚያድር መኪና እንግዳ ነገር አይደለም።

ሁለት ዓይነት ሽታዎች ግን በማጽዳት የሚፈቱ አይደሉም። ጣፋጭ ሽታ መስታወቱን ከሚያደበዝዝ ቅባት መሳይ ጉም ጋር ሲመጣ የኩላንት፣ ማለትም የማቀዝቀዣው ፈሳሽ፣ መፍሰስ ምልክት ነውና መኪናው ባለሙያ ዘንድ መሄድ አለበት። የተቃጠለ ፕላስቲክ ወይም የቀለም ማቅጠኛ የሚመስል ሽታ ከሆነ ደግሞ መኪናውን ወዲያው ያቁሙ፣ ሰውን ሁሉ ያውጡ፣ ርቀው ይቁሙ፤ መንሥኤው እስኪታወቅም ድረስ ቻርጅ ላይ አይሰኩት። የባትሪ ብልሽት ከሚታወቅባቸው የመጀመሪያ ምልክቶች አንዱ እንዲህ ያለው ሽታ ስለሆነ በቸልታ መታለፍ የለበትም።

ትክክለኛውን ማጣሪያ ማግኘት

ማጣሪያው እንደ መኪናው ሞዴል ብቻ ሳይሆን እንደ ምርት ዓመቱና እንደተሠራበት አገርም ይለያያል። ለቻይና ገበያ የተመረተ ቮልስዋገንና ለአውሮፓ የተመረተው በስም አንድ ስለሆኑ ብቻ ዕቃቸው አንድ ነው ተብሎ መገዛት የለበትም። ስለዚህ አሮጌውን አስቀድመው አውጥተው በጎኑ የታተመውን የዕቃ ቁጥር ፎቶ ያንሡ፤ ርዝመቱን፣ ስፋቱንና ውፍረቱን በሚሊ ሜትር ለክተው ከሻንሲ ቁጥሩ ጋር ለሻጩ ይላኩለት። በባሕር ዳርም ሆነ በደብረ ማርቆስ ካልተገኘና ከአዲስ አበባ መርካቶ በአውቶቡስ የሚያስልኩ ከሆነ ይህ ጥንቃቄ የማይሆን ዕቃ ተልኮ ከሚመጣ የደርሶ መልስ ወጪ ያድናል። አዲሱ እስኪመጣ አሮጌውን መልሰው ይግጠሙት እንጂ ሳጥኑን ባዶ አድርገው በአቧራ መንገድ አይንዱ፤ አቧራው በቀጥታ እርጥብ ኢቫፖሬተር ላይ ይለጠፋልና።

ባለ ካርቦኑን እንዲገዙ እመክራለሁ፤ የዋጋው ልዩነት ለከሰልና ለናፍጣ ጭስ መንገድ ይገባዋል። ሲገዙም ብርሃን ላይ ይዘው ይመልከቱት፦ እውነተኛው በሁለት ንጣፍ መካከል ጥቋቁር ቅንጣቶች ይታዩበታል፣ ክብደቱም ከተራው ይበልጣል። ወጥ ግራጫ ቀለም ብቻ ያለው ቀለም የተቀባ ተራ ማጣሪያ ሊሆን ይችላል።

ገንዘብ ለመቆጠብ ሲባል አሮጌውን ማጠብ ወይም ጎሚስታ ዘንድ በኮምፕረሰር ማስነፋት የተለመደ ነው። ይህን አልደግፍም። የአየሩ ግፊት ጥቃቅን ክሮቹን ይበጣጥሳል፤ በዓይን ንጹሕ ይመስላል፣ ደቃቁ ብናኝ ግን በተበጠሰው በኩል ያልፋል። ውኃ ደግሞ የካርቦኑን ንጣፍ ያበላሻል፤ በደንብ ካልደረቀም የሻጋታ መነሻ ይሆናል።

አሮጌውን ማውጣት

መኪናውን ደረቅና ነፋስ የሌለበት ቦታ ያቁሙ፤ የቻርጅ ገመዱን ይንቀሉ። የኤሌክትሪክ መኪና ድምፅ ስለሌለው ጠፍቷል ብሎ መገመት አይበቃም፤ መኪናው ለመነዳት መዘጋጀቱን የሚያሳየው «ሬዲ» የሚለው መብራት መጥፋቱን ያረጋግጡ። በስልክ መተግበሪያ ወይም በሰዓት ቀጠሮ ኤሲው ራሱን እንዲያስነሣ አዘው ከሆነ ያንን ይሰርዙ፣ ቁልፉንም ከመኪናው ያርቁ። ማጣሪያው ወጥቶ ሳለ ማራገቢያው ድንገት ቢነሣ የወዳደቀውን ቅጠልና አቧራ ወደ ማራገቢያው ሞተር ይስበዋል፤ በዚያ ሰዓት እጅዎ ውስጥ ከሆነም ይጎዳዎታል። ብርቱካናማ ሽፋን ያላቸው ገመዶች በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት የሚያልፍባቸው ናቸውና በምንም ምክንያት አይነኩም፤ ማጣሪያ ለመቀየር እነርሱ ዘንድ የሚያደርስ ሥራም የለም።

በብዙ መኪኖች ላይ፣ ለምሳሌ በኒሳን ሊፍ፣ ማጣሪያው የሚገኘው ከተሳፋሪው ፊት ካለው የዳሽቦርድ መሳቢያ ጀርባ ነው። መሳቢያውን ባዶ ያድርጉ፤ በጎኑ ያለውን ቀጭን ገመድ ወይም ዘንግ ከማያያዣው ያላቅቁ፤ ከዚያ ሁለቱን ግድግዳዎች ወደ ውስጥ በቀስታ ሲጫኗቸው መሳቢያው ከማቆሚያው አልፎ ወደ ታች ይዘነበላል። ጠዋት በደብረ ማርቆስ ብርድ ፕላስቲክ ስለሚደርቅና በቀላሉ ስለሚሰበር፣ መኪናው ፀሐይ ሞቅ ካደረገችው በኋላ ቢሠሩ ይመረጣል። ከጀርባው ረጅምና ቀጭን ክዳን ያገኛሉ፤ በጎንና በጎን ያሉትን መያዣዎች ተጭነው ይክፈቱት።

ሁሉም መኪና እንዲህ አይደለም። ቶዮታ ቢዚ4ኤክስ ከነጭራሹ መሳቢያ የለውም፤ በቴስላ ሞዴል 3 እና ሞዴል ዋይ ላይ ሁለቱ ማጣሪያዎች አንዱ በሌላው ላይ ተደርበው የተቀመጡት ከተሳፋሪው እግር አጠገብ፣ ከመካከለኛው ኮንሶል የጎን ሽፋን ኋላ ነው። ከዳሽቦርዱ ሥር ያለ ሽፋን መፈታት ካለበት፣ አንዳንድ መኪኖች በዚያ ቦታ የጉልበት ኤርባግ ስላላቸው፣ ቢጫ ማያያዣ ያለበትን ገመድ ሳይነኩ ይሥሩ። መመሪያ መጽሐፉ በቻይንኛ ብቻ ቢሆን እንኳ ሥዕሉ ይበቃል።

ማጣሪያውን ከመሳብዎ በፊት ያለበትን አቅጣጫ ፎቶ ያንሡ። በጎኑ ያለው ቀስት አየሩ የሚፈስበትን አቅጣጫ ያሳያል። ቀስ ብለው፣ ሳያጋድሉና ሳያንቀጠቅጡ ይሳቡት፤ እላዩ ላይ ያለው ቆሻሻ ከረገፈ የሚወድቀው ማራገቢያው ላይ ነው። ከወጣ በኋላ ቶሎ አይጣሉት፤ ብዙ ይናገራል። በአንድ ጥግ ብቻ የውኃ ምልክት ካለበት ውኃ ከፊት መስታወቱ ሥር እየገባ ነው። ጥቁር ነጠብጣብ ሻጋታ ነው። ዳሩ ከመሃሉ ይልቅ ከቆሸሸ ደግሞ ቀድሞውንም በትክክል አልተገጠመም፣ አየሩም በጎን ሲያልፍ ኖሯል። የአይጥ ኩስ ወይም የተቦጫጨቀ ክር ካዩ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ያድርጉ፤ ማጣሪያውን በፕላስቲክ ከረጢት አሽገው ይጣሉ። ሳጥኑንም በፀረ ተሕዋስያን በረጠበ ጨርቅ ይወልውሉ እንጂ በደረቁ አይጥረጉ፤ ደረቅ ኩስ ሲቦን ወደ ሳንባ ይገባል።

አየሩ የሚገባበትን አፍና ኢቫፖሬተሩን ማጽዳት

ኮፈኑን ከፍተው ከፊት መስታወቱ ሥር፣ ዝናብ መጥረጊያዎቹ የሚያርፉበትን ወንፊት መሰል ቦታ ይመልከቱ። በባሕር ዳር ከዛፍ ጥላ ሥር የሚቆም መኪና በዚህ ቦታ ብዙ ቅጠል ያከማቻል። ቅጠሉ በስብሶ ይሸታል፤ ከሁሉ የሚብሰው ግን የውኃ መውረጃውን ደፍኖ የክረምቱን ዝናብ ወደ ውስጥ መመለሱ ነው። በእጅ ይልቀሙት፤ ከዚያ ጥቂት ውኃ አፍስሰው በሁለቱም ጎን መውረዱን ያረጋግጡ።

የማጣሪያውን ሳጥን በቀጭን አፍ ባለው የአቧራ መምጠጫ ከመጠጡ በኋላ በእጅ ባትሪ ወደ ውስጥ ይመልከቱ። ቀጫጭን የአሉሚኒየም ክንፎች ከታዩ ኢቫፖሬተሩ እርሱ ነው። ለመኪና ኤሲ ተብሎ የተሠራ፣ የማይቀጣጠልና ለኤሌክትሪክ ክፍሎች የሚስማማ መሆኑ የተጻፈበት የአረፋ ማጽጃ ይጠቀሙ። ይህን ማስጠንቀቂያ የማጠብቀው በብዙ ኤሌክትሪክ መኪኖች አየሩን የሚያሞቀው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ በዚያው ሳጥን ውስጥ፣ ከኢቫፖሬተሩ ቀጥሎ ስለሚቀመጥና በአልኮል የተሠራ ርጭት በእርሱ ላይ አደገኛ ስለሆነ ነው። ምንጣፉን በላስቲክ ይሸፍኑ፤ ቀጭኑን ቱቦ ወደ ክንፎቹ ብቻ አነጣጥረው፣ ክንፎቹን ሳያጣምሙ ይርጩ፤ ማራገቢያውና የሽቦ ማያያዣዎቹ አይረጠቡ። በጣሳው ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ይጠብቁ፤ አረፋው ወደ ውኃ እየተለወጠ በመውረጃው ከመኪናው ሥር መንጠብጠብ አለበት። ካልነጠበ መውረጃው ተደፍኗል ማለት ነው። በባትሪው ዙሪያ ስለሚያልፍ ከሥር በሽቦ አይውጉት፤ ለባለሙያ ይስጡት። ክንፎቹ ጨርሶ የማይታዩበት መኪና ላይም እንዲሁ በጭፍን ከመርጨት ባለሙያ መጥራት ይሻላል።

በረኪና ወደዚህ ሳጥን አይገባም። አሉሚኒየሙን ይበላዋል፤ ሽታውም ለሳምንታት አይለቅም። በተለይ በረኪናን ከአቼቶ ጋር መቀላቀል መርዘኛ የክሎሪን ጋዝ ስለሚፈጥር፣ እንደ መኪና ባለ ጠባብ ቦታ ሕይወትን አደጋ ላይ ይጥላል።

አረፋው ወርዶ ሲያበቃ በሮቹን ሁሉ ይክፈቱ፤ ኤሲውን ሳያስነሡ ማራገቢያውን ብቻ በከፍተኛ ፍጥነት ለ10 ደቂቃ ያህል ያሠሩ። መንጠብጠቡ ሲቆም ሙቀቱን ጨምረው ሌላ 10 ደቂቃ ያድርቁት። ሙቀቱ መጀመሪያ የማይከፈተው ማሞቂያው እርጥበት ሳለበት እንዳይግል ነው።

ምንጣፍና መቀመጫ

የጎጃም መኪና የሚጭነው ይታወቃል፦ የቆላ ማር፣ በቅል የተሞላ ቅቤ፣ የጣና ዓሣ፣ ለዘመድ የሚላክ ጠላ። ከእነዚህ ሁሉ አስቸጋሪው ቅቤ ነው፤ ቀልጦ ወደ ስፖንጅ ከዘለቀ በኋላ እየቆየ ሲበላሽ የሚወጣው ሽታ በኤሲው ሙቀትና ቅዝቃዜ ይነሣሣል። መጀመሪያ የረጋውን በማንኪያ ጀርባ ይፋቁ፤ ቤኪንግ ሶዳ አፍስሰው ያሳድሩት፤ ጠዋት መጠው ያንሡት። ከዚያ በለብ ያለ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በረጠበ ጨርቅ ይጫኑት እንጂ አይሹት፤ ማሸት ቅባቱን ያሰፋዋል። ለዓሣና ለወተት ሽታ በአቼቶና በውኃ እኩል የተበጠበጠ ድብልቅ በስሱ መርጨት ይረዳል።

እዚህ ላይ ኤሌክትሪክ መኪና የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ወለሉ ላይ ውኃ አይደፋም። የባትሪው ሳጥን ራሱ የታሸገ ቢሆንም ከምንጣፉ ሥር ብዙ የሽቦ ማያያዣ ያልፋል፤ በአንዳንድ መኪኖች፣ ለምሳሌ በኒሳን ሊፍ፣ የከፍተኛ ቮልት መቁረጫው ከኋላ ወለል መካከል በሽፋን ሥር ይገኛል። ስለዚህ በእጥበት ቤት ወለሉን በጎማ ውኃ ማጠብን ይከልክሉ። ምንጣፉ ሥር ያለው ስፖንጅ ረጥቦ ከሆነ ከላይ ማድረቅ አይበቃም፤ ምንጣፉ በእንጨት ተደግፎ ከፍ ብሎ ነፋስ ከሥር እስኪያደርቀው መቆየት አለበት፤ በክረምት ይህ ቀናት ሊወስድ ይችላል።

ዕጣን ማጨስ በብዙ ቤት የሚወደድ መፍትሔ ነው። ለቤት መልካም ነው፤ በመኪና ውስጥ ግን ጭሱ በጣሪያው ጨርቅና በኢቫፖሬተሩ ላይ ቅባት ሆኖ ይቀራል፤ አዲሱን ካርቦንም በከንቱ ይሞላዋል።

አዲሱን መግጠም

ሳጥኑ በእጅ ሲዳሰስ ፍጹም ደረቅ መሆን አለበት። ቀስቱን በፎቶው ካዩት ጋር ያስተካክሉ። ቀስቱ ወደ ታች የሚያመለክተው ወይም ወደ መኪናው ኋላ የሚያመለክተው እንደ መኪናው ስለሆነ በግምት አይወሰንም። የቀየሩበትን ቀንና ኪሎ ሜትር በማጣሪያው ዳር ላይ ይጻፉበት። ከዚያ ማጣሪያውን ሳያጣጥፉ እስከ ጥጉ ይግፉት፤ ዳር ዳሩን በጣትዎ ዞረው ክፍተት አለመኖሩን ይዳስሱ። ክዳኑ ድምፅ አሰምቶ መቆለፍ አለበት፤ እንቢ ካለ ማጣሪያው ተጣሟል ወይም ልኩ አይደለም፤ በኃይል አይዝጉት። የቀየሩበትን ቀንና ኪሎ ሜትር በማጣሪያው ዳር ላይ ይጻፉበት። መሳቢያውን ከመለሱ በኋላ ማራገቢያውን በየደረጃው ያሠሩት፤ የመቆራረጥ ወይም የመንኳኳት ድምፅ ከሰሙ ቅጠል ወይም ቁራጭ ነገር ወርዶበታልና መልሰው ይክፈቱ።

ሽታው እንዳይመለስ

ከመድረስዎ ጥቂት ቀደም ብለው ኤሲውን ዘግተው ማራገቢያውን ብቻ ከውጭ በሚገባ አየር ያሠሩት፤ አምስት ደቂቃ ብዙውን እርጥበት ያደርቃል። የዓባይ በረሃ ለዚህ የተመቸ ነው፦ ድልድዩ አካባቢ ሙቀቱ ኤሲ ያስከፍታል፣ ከዚያ ወደ ደጀን የሚወጣው ከ1,000 ሜትር የሚበልጥ ዳገት ግን አየሩን ደረጃ በደረጃ ያቀዘቅዘዋል። ዳገቱ እንደተጋመሰ ኤሲውን ዘግተው በማራገቢያ ብቻ ቢወጡ ኢቫፖሬተሩ ደርቆ ደጀን ይደርሳል፤ ባትሪውም አብዝቶ በሚሠራበት ሰዓት ጥቂት ይቆጥባል። በከሰል ጭስ ወይም በጭነት መኪና ኋላ ሲያልፉ አየሩን ወደ ውስጥ ማዞሪያ ያድርጉት፣ ካለፉ በኋላ ግን ወደ ውጭ መመለሱን አይርሱ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ሻጋታ ሽታው ከቀጠለ ኢቫፖሬተሩ ወጥቶ መታጠብ ሊያስፈልገው ይችላል፤ ይህም የኤሲውን ጋዝ ማስወጣትና መልሶ መሙላት ይጠይቃል። ሥራውን የሚረከበው ባለሙያ በኤሌክትሪክ ኮምፕረሰር፣ ማለትም የኤሲውን ጋዝ በሚገፋው ክፍል፣ ላይ የሠራ መሆኑን አስቀድመው ይጠይቁ። የእነዚህ ኮምፕረሰሮች ዘይት በአብዛኛው ፒ.ኦ.ኢ. የሚባለው፣ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፈው ዓይነት ነው፤ ለነዳጅ መኪና የሚሞላው ፒ.ኤ.ጂ. በስሕተት ከተቀላቀለ የኮምፕረሰሩን የኤሌክትሪክ መከላከያ አዳክሞ መኪናውን እስከ ማቆም ሊያደርስ ይችላል። የዘይቱ ዓይነትና የጋዙ መጠን ኮፈኑ ሥር በተለጠፈው ምልክት ላይ ይጻፋል፤ ያንን ፎቶ አንሥተው ሥራው ከመጀመሩ በፊት ለባለሙያው ያሳዩት።